ያልተነካ የፋብሪካ ቀለም

ታናሽ ወንድሜ ዕድሜውን የፈጀው የሰው መኪና ሲቀባ ነው። ጥሩ ቀቢ ነው፤ የጋራዡ ሰዎች ይመሰክሩለታል። እሱ ግን በገዛ ሥራው አይኮራም ነበር።

«እኔ የማለብሰው ልብስ ነው» ይላል። «የፋብሪካው ግን ቆዳ ነው። እዚያ ወንበሩም መስታወቱም ሳይገባ፣ ባዶ ብረቱን ቀብተው ምድጃ ውስጥ ይጋግሩታል። እኔ እንደዚያ ልጋግር ብል ጎማውም መብራቱም ቀልጦ ይፈሳል። የእኔ ቀለም ሁለት ክረምት ካለፈ ተመስገን ነው።»

በስተርጅናው አዲስ መኪና ሲገዛ ነገሩ ገባኝ። የገዛው መኪናዋን አልነበረም፤ ቀለሟን ነው። ጥቁር ሰማያዊ ነበረች። አጎንብሰህ ብታይባት ጢምህን ለመላጨት መስታወት አያሻህም።

የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። የእኔ ክፍል ከበሩ አጠገብ ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። ጠዋት ሸራዋን ይገልጣል፣ ይዞራታል፣ በለስላሳ ጨርቅ አቧራዋን ያነሳል፣ መልሶ ይሸፍናታል። ከዚያ ሥራው በአውቶቡስ ይሄዳል። ጎረቤቱ «ሙሽራዋ» ብሎ ስም አወጣላት።

«ሙሽራዋ ዛሬም አልተገለጠችም?» ትለዋለች ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ።

«ዓይንሽ እንዳይበላት ነው።»

«ኧረ ሚዜም ቢሆን አድርገኝና እስከ ገበያ አድርሰኝ!»

ይስቃል። አያደርሳትም።

የሚስቱ እናት የሚኖሩት ከዋናው መንገድ ርቆ፣ በጠጠር መንገድ ጫፍ ነው። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ አራግፎ ያልፋል። የአሮጊቷ ጉልበት ደግሞ እዚያ ድረስ አያደርስም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ዓይናቸው ከዳር ከዳር ይጨልም ጀመር። የወንድሜ ሚስት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ብትጠይቅ፣ «ቶሎ አምጪያቸው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እናተርፋለን» አላት።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ ነበርኩ።

«አንተ፣ እሁድ እማዬን እናምጣት» አለችው።

«በዚያ ጠጠር? አንዱ ከተፈናጠረ እኮ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል፤ ዝገት ከሥር ይገባል። መንገዱን ሊያስተካክሉት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ትንሽ እንታገሥ።»

«ዓይን ይታገሣል?»

«ባለታክሲዎቹን አናግሪ እንጂ።»

«አናግሬያለሁ። አንዱ ምን አለኝ መሰለህ? ‹እዚያ መንገድ? እኅቴ፣ መኪናዬን ጠላኋት እንዴ?› አለኝ።»

«ይኸው! እነሱ እንኳ ያውቃሉ።»

«ብረት ነው። ቢላጥም ትቀባዋለህ» አልኩት እኔ።

«ጋሼ፣ አንተ ስለ ቀለም ምን ታውቃለህ?»

ስለ ቀለም አላውቅም። እንጀራዬን ቆረስኩ።

ዝናቡ ገባ። መንገዱን ያስተካከለው የለም። ወንድሜ ሸራውን ከሥር አጥብቆ በገመድ አሰረው፤ ዝናብ እንዳይነካት ብሎ ጠዋት ጠዋት መግለጡንም ተወ። ሚስቱ ደግማ ጠየቀችው። ሰልሳም ጠየቀችው። ከዚያ መጠየቋን አቆመች። እሱ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው። እኔ አልቆጠርኩትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የእናቷ ጎረቤት ደወለች። «እናትሽ የገዛ ደጃፏን ስታ ወድቃለች። አልተሰበረችም። ግን ነይ።»

ወንድሜ ወጥቶ ገመዱን ፈታ። ሸራው ጣሪያዋ ላይ ተጣብቆ አልነሳ አለው። ሳበው። ሲነሳ ቀለሟን ይዞ ተነሳ።

ከሥር የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ፣ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ሲያፍናት ከርሟል። ኮፈኗ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። ጎኗን ደግሞ ነፋሱ ሸራውን ከነአቧራው ሲያሽባት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቋታል። በጥፍሩ ነካ ቢያደርጋት እንደ ሽንኩርት ተላጠች።

ደንበኞቹን «እርጥብ መኪና አትሸፍኑ» ብሎ ሲመክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚመክረው የእሱን ቀለም ላስቀቡት ነበር። የፋብሪካውን ምንም የሚነካው አልመሰለውም።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ቁልፉን ይዘሃል?» አለች።

ከኋላ ወንበር ገባች። ከፊት እኔ ተቀመጥኩ።

ጠጠሩ ላይ ስንደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ድንጋዩ ሆዷን ይደበድባል፤ እሱ ፊት ፊቱን ያያል። እናቲቱን ከልጃቸው ጎን አስቀምጠን በዚያው ወደ ሐኪሙ ነዳን።

ሐኪሙ በትንሿ መብራት አንዱን ዓይናቸውን አየ፤ ሌላውንም አየ።

«ከክረምቱ በፊት ብትመጡ ኖሮ» አለና አልጨረሰውም።

«ብርሃንስ? ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ?» አሉ አሮጊቷ።

«እሱን ያህል ይኖርዎታል፣ እናቴ።»

ወደ ቤት ይዘናቸው ገባን። የሚደገፉት ትራስ ተደረገላቸው፤ ሻይ ቀረበ። ወንድሜ ራቅ ብሎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ የት ነህ?» አሉ።

«እዚህ ነኝ፣ እማማ።»

«ቀረብ በል። እጅህን ስጠኝ።» ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እግዜር ይስጥህ። ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት መንገድ እንደተቆረጠባችሁ ልጄ በስልክ ስትነግረኝ ከርማለች። በተሠራ ማግስት ደረስክልኝ። ስንቱ አማች ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

እዚያ ስንሄድ የተሻገርነው ድልድይ አንድ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የተሠራ ነው፤ አንድ ድንጋይ አልጎደለውም።

ወንድሜ ሚስቱን አያት። ለእናቷ ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እማማ፣ ድልድዩ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለችው ሚስቱ። «ጠጣ።»

ቀኙን አሮጊቷ አልለቀቁትም። በግራው አንስቶ ጠጣ።