በወንዙ ዳር የተተከሉት የአልጋ እግሮች

ልብስ ሰፊዋ ለልጇ ቃል ከሰጠች ወዲህ ጓሮ ወጥታ የሎሚ ዛፏን ሳታይ አትተኛም ነበር። ቃሉ አጭር ነው። ወንዙ በዚህ ክረምት ሎሚውን ከወሰደ የስፌት መኪናዋን ጠቅልላ ከተማ፣ ልጇ ቤት ትገባለች። ሎሚው ከተረፈ ግን ልጇ ሁለተኛ «እማ፣ ነይ» አትላትም። ወንዙ በየክረምቱ ጓሮዋን እየገመሰ ሎሚው ጥግ ደርሷል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከተማን የምትወደው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን አሳንሰሩም፣ ሰላምታ የማያውቀው ጎረቤትም ያንገፈግፋታል።

ደግነቱ ያን ዓመት መንደሩ ሁሉ ለወንዙ ተነስቶ ነበር። ነገሩን የቆሰቆሰችው አዋላጇ ናት። ከመንደሩ ሰው ግማሹን ወደዚህ ዓለም የሳበችው እሷ ስለሆነች፣ ኑ ስትል እምቢ የሚላት የለም።

«ዛፉን ቆርጠን፣ አሸዋውን ዝቀን፣ ወንዙን ራቁቱን ያስቀረነው እኛው ነን። እኛው እናልብሰው!» አለች።

ዳርቻው ለየቤቱ ተከፋፈለ። ሁሉም እርጥብ የአኻያ ችካል እየቆረጠ በየድርሻው እንዲተክል ተባለ። አኻያ ውሃ ዳር ከተቸከለ ሥር ያወጣል፣ አፈሩንም ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።

የልብስ ሰፊዋን ድርሻ ታናሽ ወንድሟ አናጢው «የኔ ነው፤ ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ወሰደ። እህቱን እንደ ነፍሱ ይወዳል። ሌላው ሰው ችካሉን በመዶሻ መትቶ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሱ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ሰነበተ። በመጨረሻ ችካሎቹን ተሸክሞ ብቅ አለ። አንድ በአንድ በመላጊያ ልጓቸዋል፤ አንድም ስንጥር፣ አንድም ጉጥ የላቸውም። በውሃ ልክ መለኪያው እያስተካከለ ጥልቅ አድርጎ ቀበራቸው።

«እንዴት ናቸው፣ እትዬ?»

«ያሳሳሉ» አለችው። እውነቷን ነበር።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። የጎረቤቱ ሁሉ ችካል አቆጠቆጠ። የጸጉር አስተካካዩ ጠማማ ችካሎች እንኳ፣ ግማሾቹ ወድቀው እያለ፣ ቅጠል አወጡ። የልብስ ሰፊዋ ብቻ እንዳማረባቸው ቀሩ። ጸጉር አስተካካዩ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

«አናጢው! እግሮቹስ ቆመዋል፤ አልጋው መቼ ነው የሚመጣው?»

አዋላጇ መጥታ አንዱን በጥፍሯ ቧጨር አደረገች። «ቅርፊቱን ልገህ ጥለኸዋል እኮ! ሕይወቱ ያለው እሱ ላይ ነበር።»

«እንጨት ሻካራ ሆኖ ከእጄ ሲወጣ አይሆንልኝም» አለ አናጢው አንገቱን ደፍቶ።

«እኔም ስላጭ ነው የምውለው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «የኔ ግን ተመልሶ ይበቅላል!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አናጢው ግን አልሳቀም። ክረምቱ ደርሷል፤ አሁን የሚተከል ችካል ብቻውን ጎርፉን አይችለውም። ማታውን እህቱ ቤት መጥቶ በርጩማ ላይ ኩርምት አለ።

«በገዛ እጄ ከቤትሽ ላስወጣሽ ነው፣ እትዬ» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ልብስ ሰፊዋ ተናዳበታለች፤ በጣም ተናዳበታለች። ቢሆንም ወንድሟ ሲያለቅስ ማየት አትችልም። ዓይኗን በእጇ ወደያዘችው ሹራብ መለሰች። ክርኑ ላይ የተቀደደውን እየደፈነች ነበር። መጀመሪያ ክሮቹን ከዳር ዳር ትወጥራለች፤ ከዚያ ሌላውን ክር በመሃላቸው እያስገባች እያስወጣች ትሞላዋለች። መርፌዋ እንደተሰካ ቆመ።

«ችካሎችህ ጠንካራ ናቸው?»

«ጠንካራ? በሬ ቢታከክባቸው አይነቃነቁም!»

«በል እንባህን ጥረግ። ውጥር ክሮቼ እነሱ ናቸው።»

በማግስቱ አዋላጇ ቤት ለቤት ዞረች። ሰዉ ቅርንጫፉን እየተሸከመ መጣ፤ ትልቁን ሸክም ያመጣው ያ አፈ ጮሌ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ቅርንጫፉን እንደ ክር በችካሎቹ መሃል እያስገቡ እያስወጡ ያጥሩ ጀመር።

«አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ! አንተ፣ ይሄ ምን ዓይነት ስፌት ነው? ፍታው!»

ጸጉር አስተካካዩ እንደ ተማሪ ፈትቶ እንደገና ጀመረ። አጥሩ ሲያልቅ ከኋላው አፈር ሞሉበት፤ እያንዳንዱም ቤት ከራሱ ድርሻ ቅርፊቱ ያልተነካ አኻያ ቆርጦ ሰካበት። እየሳቁ፣ እየተላከፉ፣ ፊታቸው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ዋሉ። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

ከዚያ ወንዙ መጣ። እያገሳ፣ ግንድ እያንከባለለ መጣ። እህትና ወንድም አንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው አዩት። ውሃው አጥሩን ገፋ፤ አጥሩ ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። በሽመናው መሃል ያለፈው ውሃ ግን ጉልበቱን ጨርሶ፣ ሎሚው ሥር ሲደርስ ቀስ ብሎ ተኛ። ጎርፉ ሲጎድል ከአጥሩ ኋላ ወፍራም ለም አፈር ትቶ ሄደ። ወንዙ ሲወስድ የኖረውን ጓሮ መመለስ ጀመረ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ዓሣ የምትለቅም ሰማያዊ ወፍ መጥታ ከሁሉ በለሰለሰው ችካል ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይቺን ወፍ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አለች አዋላጇ እጇን አፏ ላይ ጭና።

ክረምቱ ሲወጣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ እናቷን ልትወስድ የዕቃ መኪና ተከራይታ፣ ካርቶንና ገመድ ይዛ መጣች። ሎሚውን ዞረችው። ከአጥሩ ኋላ ያቆጠቆጡትን አኻያዎች አየች። ከዚያ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አሸነፍሽኝ፣ እማ። ሁለተኛ ነይ አልልሽም።»

«እሱማ ተዘጋ። ከእንግዲህ የምትመጪው አንቺ ነሽ።»

በዚህ መሃል ከበሩ «አልጋው መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጸጉር አስተካካዩ ከፊት፣ አናጢው ከኋላ ሆነው አዲስ አልጋ ተሸክመው ገቡ።

«እንግዳ ስትሆኚ የምትተኚበት ነው» አለ አናጢው ለእህቱ ልጅ።

ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ አየችው። ራስጌው እንደ መስታወት ተልጓል፤ አራቱ እግሮች ግን ቅርፊታቸው እንዳለ ነው።

«ምነው፣ እግሮቹን ረሳሃቸው?»

«አልረሳሁም፣ እትዬ። ማን ያውቃል፣ ይበቅሉ ይሆናል።»

ልጅቷ እየሳቀች ሹፌሩን ባዶውን ሸኘችውና ፍራሽ ልትፈልግ ወደ ውስጥ ገባች።