ውሻው የማይሞትበት መጽሐፍ

የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ዕቃ ቤት ውስጥ ተዘጋባት። ከተማሪ እስከ ርዕሰ መምህር ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት፤ እኛም እትዬ እንበላት። የዘጋባት ጠላት አይደለም፣ ቀልደኛ ልጅም አይደለም። የዘጋባት ራሷ ያወጣችው ደንብ ነው።

ከንባብ ክፍሉ ጀርባ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት አለች። የቆዩ መዝገቦች፣ ገጻቸው ተገንጥሎ ጥገና የሚጠብቁ መጻሕፍትና እግራቸው የተሰበረ ሁለት ወንበሮች ተጨናንቀውባታል። የበሯ የውስጥ እጀታ ከወለቀ ዓመት ሊሞላው ነው። የጥገና ሠራተኛው በተጠየቀ ቁጥር «ነገ» ስለሚል ተማሪዎቹ ዋና ስሙን ትተው «ጋሽ ነገ» ይሉታል፤ እሱም ሳይከፋው አቤት ይላል። እትዬ ታዲያ ወደ ዕቃ ቤቷ ስትገባ በሩ እንዳይዘጋባት አንድ ወፍራም መጽሐፍ መሬት ላይ አስቀምጣ ታስደግፈዋለች። መጽሐፉ ስለ መርከብ ሞተር ጥገና ነው። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ እስከ ዛሬ የተዋሰው ሰውም የለም። በር መያዙ እንኳ አንድ ሥራ ነው ብላ ነበር።

ግድግዳው ላይ ደግሞ በእሷው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ የደንብ ዝርዝር ተለጥፏል። የመጀመሪያው «መጽሐፍ መሬት ላይ አይቀመጥም» ይላል። የጣሰ ሰው ዓርብ ከሰዓት የላይኛውን መደርደሪያ አቧራ ያራግፋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ደንብ ስትሰብክ ኖራ፣ አንድ ሰው ከልቡ ሰምቷት ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት አላሰበችም።

የዕለቱ ጉዳይ ቀላል አልነበረም። የላቀ ቤተ መጻሕፍት ላላቸው ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ሊሰጥ ነበርና ገምጋሚዎች በአራት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን ያስመዘገበው ለስሙ ነው፤ ስም ይወዳል። ለእትዬ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሮው ጠርቶ ሌላ ነገር ነግሯታል።

«እትዬ፣ ክፉ እንዳይመስልዎት» አላት፣ እስክሪብቶውን እያገላበጠ። «ልጆቹ ራሳቸው ሲያውሱ፣ ራሳቸው ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ አንድ ሙሉ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? መዝገብ ቤቱ ደግሞ ሰው የለውም። ግምገማው ይለፍና እንወስናለን።»

መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለ ክፍል ነው። የምስክር ወረቀት የጠፋበት ሰው ካልሆነ በቀር የሚያንኳኳው የለም። እትዬ ወጥታ ወደ መደርደሪያዎቿ ተመለሰች።

የግምገማው ቅጽም ቢሆን አላስተኛትም። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስንት ሰው ይመራሉ?» ይላል። ጠዋት ቁርስ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እያወጣች ስትመልሰው ልብስ ሰፊ ባሏ ታዘባት።

«እኔን ስትመሪ ይኸው ሃያ ዓመትሽ፤ አንድ ብለሽ ጻፊዋ» አላት።

«አንተ መቼ ተመርተህ ታውቃለህ?» ብላ ሳቀችና «ማንንም» ብላ ጻፈች። ውሸት መጻፍ አልፈለገችም። አንድም ሠራተኛ ከሥሯ የለም፣ ደመወዝ የምትፈርምለት የለም። ታዲያ ማንን ልትመራ?

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ያለፉትን ዓመታት የውሰት መዝገብ ለገምጋሚዎቹ ልታሳይ ወደ ዕቃ ቤቷ ገባች። የመርከቡን መጽሐፍ በሩ ሥር አስቀመጠች። መዝገቡን ከታችኛው ካርቶን እየጎተተች ሳለ ከኋላዋ ፈጣን የእግር ኮቴ ሰማች፤ ወዲያው ደግሞ «ቀጭ» የሚል ድምፅ። ዘወር ስትል በሩ ተዘግቷል። ስልኳ ውጪ ጠረጴዛው ላይ ነው። በሩን ልትደበድብ እጇን አነሳች፤ ያኔ ከወዲያ በኩል የርዕሰ መምህሩ ድምፅ መጣ።

«ግቡ፣ ግቡ። ቀደም ብላችሁ መጣችሁ እንጂ አበባም እናዘጋጅ ነበር።»

የእትዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር፣ ቀሚሷ ላይ አቧራ። ከተሰበረ ወንበር መሃል ወጥታ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ልትል? ለአንድ ደቂቃ ዞር ይበሉልኝ ብላ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የት አሉ?» አለች አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ በደረቅ ድምፅ። ከእሷ ጋር አንድ ወጣት ወንድ አለ፤ ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል።

«መዝገብ ሊያመጡ ሄደው ነው። እስኪመጡ እኛ እናስጎብኛችሁ።» ይህቺ «ሻለቃ» የሚሏት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙ አይበልጥም፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ስትራመድና ስታዝ ግን መምህራን እንኳ መንገድ ይለቁላታል።

እትዬ ጨለማ ውስጥ ቆማ ቤቷን በጆሮዋ ጎበኘች። የተገነጠሉ መጻሕፍት የሚጠግኑ ሁለት ልጆች ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው፤ የሙጫው ክዳን ሲንኳኳ ሰማች። ሌላ ልጅ ለአንደኛ ክፍሎች ጮክ ብላ እያነበበች ነው፤ ጥሩ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም ማለቱን ታውቅበታለች። የሳይንስ መምህሩ ብቅ ብሎ «ስለ ቅጠል ያልኳችሁስ?» ሲል፣ ሻለቃ «ሐሙስ የሚያስተምሩት ነው ብለው እትዬ አስመርጠውናል፤ ሣጥኑ ውስጥ አሥራ አራት መጽሐፍ አለ» አለችው። መምህሩ አመስግኖ ተሸክሞ ሄደ። ይህ ሰው የዛሬ አራት ዓመት ቤተ መጻሕፍቱ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም ነበር። በየሳምንቱ መምህራን ክፍል እየሄደች የሚቀጥለውን ትምህርት ስትጠይቀው ቆይታ ነው ያስለመደችው።

«ይህን ሁሉ ማን አዘዛችሁ?» አለች ገምጋሚዋ።

ሻለቃ ጥያቄው የገባት አልመሰለም። «ማንም። እዚህ እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

እትዬ ደስ አላት። አሁንስ ላንኳኳ ስትል ርዕሰ መምህሩ ቀደማት።

«እንዳያችሁት ነው። ሴትዮዋ ኖሩ አልኖሩ ሥራው አይቆምም። እንዲያውም ለከርሞ መደቡ ራሱ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን እያጠናን ነው።»

ወጣቱ ገምጋሚ እስክሪብቶ ሲያንሸራትት ተሰማ። እትዬ የተሰበረው ወንበር ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ስድስት ዓመት ለፍታ ለፍታ፣ ያለ እሷ የሚቆም ነገር ሠራች፤ እነሆ ያለ እሷ ቆመ። አሁን ብታንኳኳ ምን ልትል ነው? እኔም አለሁ? እዚያው ተቀምጣ እስኪሄዱ ልትጠብቅ ወሰነች። ከዚያ መዝገብ ቤት ይሁን፣ የትም ይሁን።

ያኔ ነው የአንድ ትንሽ ልጅ ጫማ የሰማችው፤ ቀኝ እግሩን እየጎተተ የሚሄደው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው፣ ከሰው ብዙ አያወራም። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ውሻ የሚያወራ መጽሐፍ ወስዶ ሰኞ ጠዋት ግማሹን ሳያነብ መለሰ፤ ዓይኑ አብጦ። ቅዳሜ የቤታቸው ውሻ ሞቶበታል። እትዬ ይህን የነገረችው ሰው የለም። ሌላ እፈልግልሃለሁ ብላው ነበር፤ በግምገማው ሽር ጉድ ዘነጋችው።

«ምን ፈለግህ?» አለችው ሻለቃ።

«ስለ ውሻ። ግን ውሻው የማይሞትበት።»

ሻለቃ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ያለበትን የካርድ መሳቢያ ስባ አንድ በአንድ አገላበጠች። «የውሻ ሦስት አለ። ካርዱ ግን ይሙት አይሙት አይልም።»

«ይሄ ጥሩ ይመስላል፣ ሥዕሉ ያምራል» አለች ገምጋሚዋ ራሷ፣ ከመደርደሪያ አንዱን አንስታ።

«ይሞታል?» አለ ልጁ።

ገምጋሚዋ አታውቅም፤ ወጣቱም አያውቅም።

«አንዱን ውሰድ እንጂ አንተ፣ ምን ለውጥ አለው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

የሚጎተተው ጫማ ወደ በሩ አቅጣጫ ሲመለስ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ይህ ልጅ ዛሬ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ እትዬ ታውቃለች፤ አይመለስም።

«ከመስኮቱ ሥር!» አለች፣ ከዕቃ ቤቱ ውስጥ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ከመስኮቱ ሥር ሁለተኛው መደርደሪያ፣ አረንጓዴ ሽፋን። መሃሉ ላይ ውሻው ይታመማል፣ እንዳትደነግጥ። ይድናል። መጨረሻው ላይ አርጅቶ ፀሐይ እየሞቀ ነው።»

ከዚያ ጫማው እየተጎተተ ወደ መስኮቱ ሄደ።

በሩን የከፈተችው ሻለቃ ናት። እትዬ መዝገቡን ታቅፋ ድሩን ከፀጉሯ ሳታራግፍ ወጣች። ገምጋሚዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያሉት?»

«እናንተ ከመግባታችሁ በፊት።»

«ለምን አላንኳኩም?»

እትዬ መዋሸት ትችል ነበር። «መጀመሪያ አፍሬ» አለች። «ቀጥሎ ሲሠሩ ስሰማ ደስ ብሎኝ። በኋላ ደግሞ... እንደማላስፈልግ ስሰማ፣ ምን ብዬ እንደምወጣ ጠፋኝ።»

ርዕሰ መምህሩ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር። ገምጋሚዋ ወደ ሻለቃ ዞረች።

«አንቺ ከርሞም እዚህ ነሽ?»

«አይደለሁም። ስድስተኛ ጨራሽ ነኝ። እነዚያ ሙጫ የያዙትም ጨራሽ ናቸው።»

«ታዲያ ማን ይሠራዋል?»

«እትዬ ሌላ ያለማምዳሉ። እኔም ስመጣ መጽሐፍ ገልብጬ ነበር የምይዘው፤ ይጠይቋቸው።»

ገምጋሚዋ ይህን ጻፈች። ርዕሰ መምህሩን አንዴ ቀና ብላ አየችው።

እንግዶቹ እንደወጡ ሻለቃ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ የዘጋሁብዎት። መጽሐፉን መሬት ላይ ሳየው አንስቼ ቦታው መለስኩት። መዝገቡን ሊያመጡ መዝገብ ቤት የሄዱ መስሎኝ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች እትዬ። «ደንብ የጣስኩ እኔ፣ የምታለቅሺ አንቺ?» እስክሪብቶ አንስታ የዓርብ አቧራ አራጋፊዎች ዝርዝር ላይ የራሷን ስም ጻፈች። ሻለቃ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገችና ስሙ በትክክል መጻፉን አየች። ጋሽ ነገ በዚያው ቀን ከሰዓት መጥቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አዲስ እጀታ ገጠመ፤ ማን እንዳዘዘው ሲጠየቅ «ከላይ ነው» ብቻ አለ።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ወረቀት ይዞ ሲገባ እትዬ መሰላል ላይ ነበረች፤ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ጨርቅ ይዛ። ሻለቃ ከሥር እጇን አጣምራ ቆማለች።

«በግራ በኩል ቀርቶዎታል» ትላለች።

«የዚህ ቤት ኃላፊ ማነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ሊቀልድ ነው፣ ብዙም አልለመደበትም።

«ዛሬ እሷ ናት» አለች እትዬ፣ ሳትወርድ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ውጤቱ መጥቷል። ሁለተኛ ወጥተናል። አንደኛ እንሆን ነበር፤ ሠራተኛዋ በግምገማው ሰዓት አልተገኙም ተብሎ አምስት ነጥብ ተቀንሶ ነው።» ወረቀቱን አገላበጠ። «ስንት ሰው ይመራሉ ለሚለው ማንንም ብለው ነበር። በቀይ ተሰርዞ ጎኑ ላይ ‹ስህተት› ተብሎበታል። የገምጋሚዋ ፊርማም አለው።»

እትዬ ጨርቋን አጥፋ በሌላው ፊት ማራገፏን ቀጠለች።

«የከርሞ ምደባም ወጥቷል» አለ።

እጇ ቆመ። «ስሜ የት ነው?»

«ይውረዱና ይዩት።»

አንድ እግሯን ወደ ታች ስትዘረጋ ሻለቃ «እትዬ፣ መደርደሪያው አላለቀም» አለች። ርዕሰ መምህሩ ልጅቷን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መዝገብ ቤት ነው?» አለች እትዬ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች።

«እዚሁ ነው» አላት።

ጨርቁን አንስታ ቀድማ ያጸዳችውን ቦታ እንደገና ማራገፍ ጀመረች፤ እዚያው አንድ ቦታ፣ ደጋግማ። ሻለቃ ከሥር አየቻት። ስህተት አይታ ዝም ብላ የማታውቅ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ምንም አላለችም።