እሳት ሊያጠፉ የተላኩ ወታደሮች

እትዬ ውብአየሁ መጀመሪያ የላኩልኝ የድምፅ መልእክት አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነበር። ደቂቃው ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስለ ሳሙና ሲነጋገሩ ነው፤ ስልኩን ተጭነው እንደረሱት ያስታውቃል። በመጨረሻዋ አሥር ሰከንድ፣ «አንተ ቲቶ የምትባል ልጅ! የሽመክት እናት ነኝ፣ ከቡራዩ። ወታደሮቹ ርቧቸዋል ይላል። ምን ላብላቸው?» አሉ።

እኔ ሰበታ ነኝ። ጀሪካን ፋብሪካ ውስጥ ከማሽኑ ትኩሱን የሚወጣውን ጀሪካን እየተቀበልኩ ትርፍ ፕላስቲኩን በቢላ እከረክማለሁ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ተሰብስበው ሲሳሳቁ እኔ ከአጥሩ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ከተማዬን እከፍታለሁ። ከተማ የምለው ስልኬ ላይ ያለውን ነው። እርሻ ታርሳለህ፣ ግንብ ትገነባለህ፣ ጦር ታሠለጥናለህ፣ ሌላው መጥቶ እንዳያቃጥልህ ደግሞ ማኅበር ትገባለህ። ማኅበራችን ስልሳ ሰው አለው፤ አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሽመክትንም የማውቀው በስሙና በንዴቱ ነው።

ሽመክት እሑድ ዕለት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ስልክ ይዞ መግባት የለም። ከመሄዱ በፊት ከተማው ላይ የሳምንት ጋሻ አደረገ፤ ጋሻ ያለበትን ከተማ ማንም አይነካም። ግን እርሻው ካልታጨደ ጦሩ ይራባል። ስለዚህ ስልኩን ለእናቱ ሰጥቶ፣ «ቲቶ የሚባል ልጅ አለ፣ ግራ ሲገባሽ እሱን ጠይቂ» ብሏቸው ሄደ።

«እትዬ» ብዬ መለስኩላቸው፣ «ጠዋትና ማታ እርሻው ላይ ቢጫ ነገር ሲበራ ይንኩት። ስንዴ ነው። ወታደር ካልበላ ይከዳል።»

«ታዲያ እርሻው የማይችለውን አፍ ማን ሰብስብ አለው?»

«እውነትዎን ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ እርሻ፣ ቀጥሎ ግንብ፣ ጦር መጨረሻ።»

«ይኼማ ጨዋታ አይደለም፣ ትዳር ነው» አሉ።

እንደሳቸው ቶሎ የገባው ጀማሪ አላየሁም። ግማሹን ጦር ከቤት ሳያስቀሩ ሌላውን እንዳይልኩ ስነግራቸው፣ «ሱቅ ባዶውን ትቶ የሚሄድ አለ እንዴ?» ይሉኛል። ጎተራው ከሞላ በኋላ የሚታጨደው ስለሚባክን ትርፉን ለማኅበርተኛ መላክ እንደሚሻል፣ ስንዴ መላክ ደግሞ ጋሻ እንደማያወርድ ስነግራቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። ሰኞ ከሰዓት ለስልሳችንም ስንዴ ላኩ። ከማኅበሩ አንዱ፣ «ሽመክት ጤነኛ ነው?» ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ የላኩት መልእክት ግን ሳሙና የለበትም። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አምና ትምህርቱን ሲተው ጊዜ ስልኩን ሦስት ሳምንት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አውጥቼ ስሰጠው ከተማው ዐመድ ሆኗል። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ‹ራት ቀርቧል› ስለው ‹እሺ›፤ ሌላ ቃል የለም። ዘንድሮ በገዛ እጁ ስልኩን ሰጠኝና ‹እማ፣ አደራ› አለኝ። ገባህ ቲቶ? አደራ አለኝ።»

ገባኝ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ከፈተና ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ስልኬን ስከፍት ከተማዬ ጭስ ነበረች። ውጤቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ አላለፍኩም። ከሁለቱ ያለቀስኩት ለከተማዬ ነው።

ረቡዕ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። መልእክት ሳይሆን ራሳቸው ናቸው።

«ቲቶ! ጋሻው የለም!»

«ምን ነኩ እትዬ?»

«ምንም አልነካሁ! የጎረቤት ቤት ሲነድ አይቼ ነው እንጂ። ይኸው ሦስት ቀኑ፣ አንድ ሰው ብቅ አላለለትም። ይኼ ምን ዓይነት ሰፈር ነው? ወታደሮቹን ሁሉ፣ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ ብዬ ላክኋቸው።»

በጨዋታው ውስጥ ውኃ የሚባል ነገር የለም። ወደ ሌላ ሰው ከተማ የተላከ ወታደር አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ይወጋል። የወጋ ሰው ደግሞ ጋሻው ይወድቃል፤ እስከ ማግሥቱ መልሶ ማድረግም አይቻልም።

«እና ወታደሮቹ ምን አደረጉ?»

«እህል ተሸክመው መጡ። አመስግነው የሰጧቸው መስሎኝ ነበር!»

«የከተማው ስም ምን ይላል?»

«ቆይ መነጽሬን… ራያ። ራያ አሥራ ሁለት።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ከተማ አውቀዋለሁ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

በፈተና ሳምንት ካርታው ላይ ጭስ ይበዛል። ያለ ጋሻ የተኛ ከተማ ካየህ፣ ባለቤቱ የት እንዳለ መገመት አያቅትም። እኔ ደግሞ ገምቼ ነው የሄድኩት። «የእኔስ ተቃጥሎ የለ?» አልኩ ለራሴ። አሁን ግን የሳቸው ትንፋሽ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። አልነገርኳቸውም።

ገና ሳልመልስ የሁሉም ማኅበር ተጫዋቾች በሚጻጻፉበት የጋራ ግሩፕ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። የጻፈው የጠላት ማኅበር አለቃ ነው፤ ስሙ መብረቅ። «የነደደ ቤት የሚዘርፍ ጅብ አየን። ሽመክት የሚባለው ከተማ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ዐመድ ነው።» የመብረቅ ማኅበር ሲመጣ አርባ ሆኖ ነው የሚመጣው። የእኛዎቹ ግማሹ ፈተና ላይ፣ ግማሹ ሥራ ላይ ነው።

አንብቤ ነገርኳቸው። «የተሳሳተ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ሰውዬው የት ነው የሚገኘው?» አሉ።

መብረቅ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በተሳደበ ቁጥር፣ «ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አረንጓዴ በር ያለው የቆርቆሮና የሲሚንቶ መደብር! ወንድ የሆነ ይምጣ!» ይላል። ማንም ሄዶ አያውቅም።

«እኔ ልጻፍለት እትዬ።»

«በጽሑፍ ሽምግልና የት ነው ያየኸው? ሱቁን እየዘጋሁ ነው። ሽማግሌ አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ሌላ የማውቀው የለኛ!»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ገበያ ተገናኘን። አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። በጥቁር ፌስታል ስኳርና ብስኩት ይዘዋል። ሽቅብ አዩኝና፣ «ቁመትህ ከድምፅህ ይበልጣል» አሉኝ። ታክሲው የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ እሳቸው በአንድ እጃቸው ፌስታሉን አቅፈው በሌላው ስንዴ ያጭዳሉ። እኔ በመስኮቱ ባሕር ዛፉን አያለሁ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፤ ሦስቱንም ከላይ የሚያይ ቢኖር እንደ ካርታችን ይሆኑበታል፣ ተቀራርበው የማይተዋወቁ ከተሞች ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሳስብ መናገር ያለብኝን ነገር እረሳዋለሁ፤ ሆን ብዬም ሊሆን ይችላል።

«ለመሆኑ» አሉ ድንገት፣ «የዚያን ምስኪን ቤት መጀመሪያ ማን ነው ያቃጠለው?»

«ማን ያውቃል» አልኩ።

ሱሉልታ ነፋሱ አቧራ ያዞራል። አረንጓዴው በር አልጠፋንም። ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ትከሻዋ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ እንዳለ፣ ቆርቆሮ ትለካለች።

«መብረቅ የሚባል ሰው ፈልገን ነበር» አልኳት።

«ለምን?»

«ለሽምግልና።»

ሜትሩን ጠቅልላ እኔን፣ ከዚያ እሳቸውን፣ ከዚያ ፌስታሉን አየች። «እኔ ነኝ። ኤቢሴ እባላለሁ።» አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። «ምነው? ጢም ጠብቀህ ነበር?»

እትዬ ውብአየሁ ግን አልደነገጡም፤ በኦሮምኛ ሰላም አሏት። «አካም ጅርታ፣ ልጄ?»

«ፈያዳ፣ እትዬ። ኮታ ታኣ» ብላ ሁለት የቀለም ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠችን፤ ለራሷም አንድ ሳበች።

እትዬ ሁሉንም ከሥሩ ተናገሩ። ሣጥኑን፣ የሁለት ወሩን ዝምታ፣ አደራውን፣ እሳቱን። ኤቢሴ ፊቷን አኮሳትራ ትሰማለች። «ውኃ ይዛችሁ ሂዱ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም።

«ውኃ!» አለች እየሳቀች። «ስምንት ሺህ ፈረሰኛ ውኃ ይዞ!»

«ታዲያ ምን ይዞ ይሂድ?» አሉ እትዬ፣ ተቆጥተው።

ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ራያ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱም ፈተና ላይ ነው። ጋሻ አድርግ እያልኩት ረስቶ፣ ስልኩንም ቆልፎ ሄደ። ይኸው ሦስት ቀን ከውጭ ቆሜ ሲነድ አያለሁ፣ ምንም አላደርግለትም። እርስዎ ክፋት እንደሌለብዎት ገብቶኛል፣ እትዬ። ግን ዓርብ ወጥቶ ‹ማነው?› ሲለኝ የምለው እፈልጋለሁ። አርባ ሰው ጦሩን አዘጋጅቷል። ያቃጠለውን ንገሩኝና ከእርስዎ ላይ አነሳዋለሁ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሁሉንም ታውቅ የለ? የማኅበራችሁ ሰው ይሆን?»

የእትዬን ፈረሰኞች ኤቢሴ ካርታው ላይ ሲጓዙ አይታቸዋለች፤ የሰኞውን ሰው ስም የያዘው ሪፖርት ግን በራያ ስልክ ውስጥ ተቆልፏል። ዝም ብል እስከ ዓርብ ማንም አያውቅም። በዚያ መሀል ግን አሥር ሰዓት አለ። እትዬ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከውጭ አሸዋ የጫነ ሲኖ አለፈ።

«ማን ያውቃል አላልከኝም?» አሉ እትዬ።

«ብያለሁ።»

«የአምናውንስ? የልጄን?»

«አይደለሁም እትዬ።»

«በምን ልመንህ?»

ኤቢሴ ጎንበስ ብላ ዓይኔን ፈለገች። «ለምን አቃጠልከው?»

«የእኔንም በፈተናዬ ሳምንት አቃጥለውብኛል።»

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩህ?»

«አይደለሽም።»

«ራያ ነው?»

«አይደለም።»

«እና?»

«እና… ምንም።»

እትዬ ውብአየሁ ተነሱ። የሚሄዱ መሰለኝ። ባልዲያቸውን ከጎኔ አንስተው በእኔና በኤቢሴ መካከል አስቀመጡና ተቀመጡበት። «ሽማግሌው ራሱ በዳይ ከሆነ፣ ሽማግሌዋ እኔ ነኝ» አሉ። «ይኼ እናንተ ጉማ የምትሉት ነው?»

«ጉማ ሰው ሲገደል የሚደረግ እርቅ ነው እትዬ» አለች ኤቢሴ። «ለዚህ ካሣ ይበቃል።»

«በል እንግዲህ» አሉኝ። «ምን ትክሳለህ?»

ያለኝ አንድ ነገር ነው። ሁለት ዓመት በምሳ ሰዓት፣ ከአጥር ሥር ተቀምጬ ያቆምኩት። «ጋሻዬን አወርዳለሁ» አልኩ። «ጦሬን ከግንቡ አነሳለሁ። ጎተራዬ ውስጥ ያለው ስንዴ ሁሉ ለራያ ማደሻ ይሁን። የቀረውን አርባዎቹ እንደፈለጉ ያድርጉት።»

ኤቢሴ ትንሽ አሰበችና ስልኳን አነሳች። ለሰዎቿ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ የድምፅ መልእክት ላከች፦ ሽመክትን እንዳትነኩ፣ ከተማውን የያዘችው እናቱ ናት፤ ዒላማው ተቀይሯል።

ስንዴዬን ለራያ ልኬ ጋሻዬን አወረድኩ። አሥር ሰዓት ላይ በግንቤ ዙሪያ ቀይ መስመሮች መጡ። ኤቢሴ የራሷን ስልክ ትታ ከትከሻዬ በላይ የእኔን ታይ ነበር። እርሻዎቹ መጀመሪያ ሄዱ። ግንቡ ቆየ። ከዚያ በሩ ወደቀ፣ ጭሱም ወጣ። የተሰማኝ የፈራሁትን ያህል አልነበረም፤ ምናልባት ብቻዬን ስላልሆንኩ።

«ግንቡን ጥሩ አድርገህ ነበር የሠራኸው» አለች ኤቢሴ፣ ቀስ ብላ።

«ከጦር በፊት ግንብ ነው» አሉ እትዬ፣ እንዳጠና ተማሪ። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። «ወታደር ልላክልህ?»

«አይ!» አልን እኔና ኤቢሴ በአንድ አፍ።

«እሺ፣ እሺ! ምን ያስጮኻችኋል?» ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ተንከራተተ። «ስንዴ ግን ይቻላል ብለኸኛል። ጎተራው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። የሽመክትን አልነካሁም፣ ትርፉ ነው። ግማሹ ለዚያ ልጅ፣ ግማሹ ላንተ።»

«ይቅር ብለውኛል እንዴ እትዬ?»

«እሱን ዓርብ እናየዋለን። ቡራዩ ትመጣና ያደረግከውን ለሽመክት በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ። አሁን የነደደ ቤት እያየሁ ዝም እንድል ነው የምትፈልገው?»

ከሽመክት ከተማ ትንንሽ ጋሪዎች ወጡ። ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ኤቢሴ ሻይ አምጥታ ብስኩቱን ከፈተች፤ ሦስታችንም ባልዲዎቹ ላይ ተቀምጠን ጋሪዎቹ ካርታውን ሲያቋርጡ ተመለከትን። ከተማዬ ዘንድ ሲደርሱ በሩ ስላልነበረ፣ ሳይቆሙ ገቡ።