ኖራ የሚበላው ሰማያዊ

የዘወትር መንገዷ ለቧንቧ ተቆፍሮ ባይዘጋ ኖሮ፣ ቀለም ቀማሚዋ በልብስ እጥበት ቤቱ በኩል ባላለፈች ነበር። ግድግዳው ላይ ገመድና የተሰጣ ልብስ ተስሏል። መጀመሪያ ያየችው ሥዕሉን ሳይሆን አረንጓዴውን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቀለም ስትበጠብጥ የኖረች ሴት ሌላ ምን ታያለች? ትንሽ ጥቁር ጠብ ያለበት አረንጓዴ ነው፣ ባለፈው ወር ለእህቷ ባል የቀመመችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ።

ገመድ ላይ ሸሚዙ በነፋስ ተነፋ፣
ባለቤቱ ለብሶት እንዲህ መች ተስፋፋ።

ግጥሙም የእሷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም ሲቀመም አንድ ጠብታ ነጭ ካርድ ላይ ይቀባል። እርጥብ ቀለም ውሸታም ስለሆነ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በዚያች ግማሽ ሰዓት እሷ በአሮጌ ካርድ ጀርባ ላይ ሁለት ስንኝ ትቋጥራለች፤ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ ሰው ሸሚዝ። ለማንም አንብባ አታውቅም። ካርዶቹ ካርቶን ሞሉ። ሰዓሊው የእህቷ ባል «እታለም፣ ቀለም እንድመርጥበት አውሺኝ» ሲላት ካርቶኑን እንዳለ አንስታ ሰጠችው። ጀርባውን ማን ያየዋል ብላ።

በዚያ ሳምንት ምሳዋን እየተወች ሰፈሩን በእግሯ አሰሰችው። የቁልፍ ሠሪው መዝጊያ ላይ በራፉ ላይ የተገተረ አንድ ሰው ተስሏል፦

ቁልፌን ረስቼ ከደጅ ቆምኩና፣
ቤቴን በመስኮት ባየው ያለኔም ደኅና።

ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይም አገኘች፤ ከጫማ ጠጋኙ ጀርባም። በጠቅላላው ሰባት። በእያንዳንዱ ሥር የእሱ ስም፣ ክንድ በሚያህል ሰማያዊ ፊደል። ሰዉ ግጥሞቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ዳቦ ሻጯ «ይሄ ሰውዬ ጓዳችን ውስጥ ተደብቆ ነው እንዴ የሚጽፈው?» አለቻት። ሥዕሎቹ ደግሞ መጥፎ አልነበሩም፤ ይሄ ይበልጥ አንገበገባት።

ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። አልካደም። ሳቀ እንጂ።

«እታለም፣ ካርቶን ውስጥ ታፍኖ የኖረ ነገር ግጥም ይባላል? አደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ስሜን ጻፍበታ።»

«ያንቺን ስም ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው?»

በዚህ መሃል እህቷ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ወጣች። ለጤና ጣቢያው አዲስ አጥር የተዘጋጀውን ግጥም ሰምታ እንደሆነ ጠየቀቻትና መልሷን ሳትጠብቅ በቃሏ አለችው፦

ካልጋው ሥር ጫማዋ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣
ዛሬም ይጠብቃል እግሮቿን አፍጥጦ።

ቀለም ቀማሚዋ እናታቸው ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን የጻፈችው ነው። «እማዬን እንዲህ ይወዳት እንደነበር አላውቅም ነበር» አለች እህቷ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ሰዓሊው ጣራ ጣራውን አየ። ቀለም ቀማሚዋ የእህቷን ፊት አይታ ቃሉን ዋጠችው። ቂሙን ግን አልዋጠችውም፤ ይዛው ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ሰዓሊው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀለም ወደምትቀምምበት ሱቅ መጣ። ጥቁር ለግጥሙ፣ ሰማያዊ ለስሙ ፈለገ።

«ልስኑ መቼ አለቀ?» አለችው።

«ከትናንት ወዲያ። እጅ ሲነካው ገና ይቀዘቅዛል።»

መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ አለ። አንዱን ኖራ አይደፍረውም። ሌላው ያማረ ነው፤ በደረቀ ግድግዳ ላይ ዓመታት ይኖራል፣ በትኩስ ልስን ላይ ግን ኖራው ቀስ እያለ ይበላውና የዝገት እድፍ ያደርገዋል። ይህን ሳትነግረው የሸኘችው ደንበኛ ኖሮ አያውቅም። ለሰዓሊው ግን ጥቁሩን ምንም ከማይነካው የቀለም ዱቄት አጥብቃ ቀመመችለት፤ ሰማያዊውን ከሁለተኛው። ካርዱ ላይ ቀብታ፣ አድርቃ አሳየችው።

«አይ እጅ! እጅሽ ይባረክ» አላት።

«አሜን» አለች።

አጥሩ በተመረቀ ቀን ሰዉ አጨበጨበ፤ እህቷ እንደገና አለቀሰች። እሷ ከኋላ ቆማ ልስኑን ታይ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ገረጣ። በሃያኛው ቀን ቡናማ ሆነ። ወሩ ሲሞላ፣ ስሙ በነበረበት ቦታ ቧንቧ ያፈሰሰበት የሚመስል እድፍ ብቻ ቀረ። ጥቁሩ ግጥም ፍንክች አላለም። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ማን እንደጻፈው ሲጠይቁት «ባለቤት የለውም» ይላል።

ሰዓሊው ላቡን እየጠረገ ሱቅ ገባ። ጥፋቱ የቀለሙ ነው የግድግዳው? ሲል አፋጠጣት። የግድግዳው ነው አለችው፤ ኖራው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነውና አልዋሸችም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የማን ግጥም እንደሆነ ለእህቴ ንገራት። ከዚያ ስለ ቀለሙ እንነጋገራለን።»

ቆርቆሮ ይዘው የቆሙትን ሁለት ደንበኞች በዓይኑ ጠርዝ ገረፍ አደረጋቸው።

«እኔ ካንቺ ጋር የምነጋገረው የለኝም። ሰማያዊውን ስጪኝ። ሁለተኛ እጅ ሲደረብበት ይይዛል።»

«እንግዲያው ደርብበት» አለችው።

ከዚያው ዱቄት ቀመመችለት። ሳትቸኩል በጠበጠች፣ ካርዱን ቀባች፣ እስኪደርቅ ሁለቱም ጠበቁ። ወደደው። በሩ ሲዘጋ በጣቷ ቆጠረች፦ ትኩስ ልስን ውስጥ ያለ ኖራ እስኪበርድ ዓመት ይፈጃል። ገና አሥራ አንድ ወር አላት።