የውሃው ልክ

ሱናሚው የኦሃማን መንደር ከጠረገ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠኝ ሥራ፣ ቆመው የቀሩትን ቤቶች እየዞርኩ ጉዳታቸውን መገመት ነበር። ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር እለካለሁ። ከቶኪዮ በመጣው መመሪያ መሠረት፣ ውሃው የታችኛውን ክፍል ኮርኒስ ከነካ ቤቱ "ሙሉ በሙሉ የወደመ" ይባልና ይፈርሳል።

አባባ ቶኩጂ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጀልባቸው ላይ ስለነበሩ ወደ ጥልቁ ባሕር ሸሽተው ተረፉ። ባለቤታቸው ሚኔ ግን አልተገኙም።

"ጉልበት ድረስ ነው የገባው" አሉኝ ገና ሳልገባ።

"አባባ፣ ኮርኒሱን ነክቷል እኮ።"

"አንቺ ሜትር ስለያዝሽ ከባለቤቱ በላይ ልታውቂ ነው? ጉልበት ድረስ ብያለሁ!"

እንዲህ የሚሉት ቤታቸው እንዳይፈርስ መስሎኝ ላባብላቸው ስሞክር፣ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"ከጀልባው ሆኜ ደወልኩላት። 'ወደ ኮረብታው ልሂድ ወይ?' አለችኝ። 'በዚያ በሚያምሽ ጉልበት የት ትደርሻለሽ፣ ፎቅ ውጪና ቁጭ በይ' አልኳት። እስካሁን ወጥቼ ለማየት አቅም አጣሁ። አንቺ ውጪልኝ፣ ልጄ። ውሃው እዚያ ከደረሰ የገደልኳት እኔ ነኝ።"

ወጣሁ። የምለካው መስመር አልነበረም፤ የሣር ምንጣፉ ደረቅ ነው።

"አልደረሰም፣ አባባ! ልክ ነበሩ!"

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

"ታዲያ የት ሄደች?"

"እማማ ሚኔ ፎቅ ወጥተው ነበር። ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን አንጥፈዋል።"

"ሁለት? እኔ ባሕር ላይ መሆኔን ታውቃለች።"

ከዚያ ወደ ጎረቤት ዞሩ። መራመድ ከማይችሉት ከእማማ ኢሺ ቤት የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው።

"ልታመጣት ወርዳ ነው" አሉ። ሳቅ የሚመስል ድምፅ አመለጣቸው። "መቼ ሰምታኝ ታውቃለች! ግትር! ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ፣ ሚኔ፣ ቁጭ በይ..."

ፊታቸውን ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ቤቱን "ሙሉ በሙሉ የወደመ" ብዬ መዘገብኩት፤ ፈረሰም።

የመንደሩ ፍርስራሽ ሲነሳ የእማማ ኢሺ አስከሬን ተገኘ። ሰው ጀርባ ላይ የታዘሉ ይመስል፣ ወገባቸው ላይ የሌላ ሴት መቀነት ተጠምጥሟል። ጫፉ ተበጥሷል። አባባ ቶኩጂ ገና ሲያዩት አወቁት።

ሚኔ እስከ ዛሬ አልተገኙም። በስማቸው በተቆፈረው መቃብር የተቀበረው ያ መቀነት ነው።