ሦስቱ ፌርማታዎች

ልጄ እሁድ ጠዋት መጣችና አስቀርጻ ያመጣችውን የቤቷን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አባዬ፣ ይሄን ከጓሮህ ያለውን ተራራ ሳታርፍ ከወጣህ ዳግመኛ እኔ ጋ ግባ ብዬ አልጨቀጭቅህም። ካልቻልክ ግን ዛሬውኑ ሻንጣህን ይዘን እንሄዳለን።"

የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሻ አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ሁለት አሉኝ። ተራራ ይባል እንጂ መንገዱ ቀላል ነው፤ ሰው ሕፃን በጋሪ እየገፋ ይወጣዋል። በስልክ በጠየቀችኝ ቁጥር "ትንፋሽ ማጠር ምን እንደሆነ አላውቅም" እላት ነበር።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስለነዳሁ ውሾቼን ትኬት ቆራጭና ተቆጣጣሪ ብያቸዋለሁ። ትኬት ቆራጯ ከፊት ትሮጣለች፤ ተቆጣጣሪው ከኋላ እያነፈነፈ ይከተላል።

ልጄንና ውሾቹን ይዤ ጥርሴን ነክሼ መውጣት ጀመርኩ። የውሃ ታንከሩ ጋ ስንደርስ ሁለቱም ቁጭ አሉ። "ተነሱ!" ብል ወይ ፍንክች።

"ምን ሆነው ነው?" አለች ልጄ።

"ሰንፈው ነዋ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጎትቼ አስነሣኋቸው። የተሰበረው አግዳሚ ወንበር ጋ ደግመው ተቀመጡ። አንቴናው ሥር ደግሞ ተቆጣጣሪው ጭራሽ እግሬ ላይ ተጋደመ።

"አባዬ፣ እነዚህ ፌርማታ አላቸው እንዴ?"

በሥራ ዘመኔ አንድም ተቆጣጣሪ ይዞኝ አያውቅም፤ በስተርጅና የገዛ ውሻዬ ያዘኝ። ደረቴ እንደ አሮጌ ሞተር ይንተከተካል። ተቀመጥኩ።

"ሦስት ቦታ አርፋለሁ። ዋሽቼሻለሁ። እነሱን ጥለህ ና እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።"

"እኔስ አልፈራም? አንድ ቀን እዚህ ወድቀህ ሰው ሳያይህ ብትቀርስ?" ዓይኗ እንባ አቀረረ። እውነቷን ነው።

"በቃ፣ እንመለስ" ብላ ማሰሪያውን ሳበች። ውሾቹ ንቅንቅ አላሉም። ሁለቱም እኔ ላይ አፍጥጠዋል። ቀስ እያለ ትንፋሼ ሲመለስ ትኬት ቆራጯ ጭራዋን እየቆላች ተነሣች፤ ተቆጣጣሪውም ተከተለ።

ልጄ ማሰሪያውን አላላችው። "እስኪሻልህ ነው የሚጠብቁህ?"

"ሁልጊዜ።"

ቀና ብላ ሽቅብ አየች። ከዚያ "ጫፉ ስንት ደቂቃ ይቀረዋል?" አለች።

"አምስት።"

ወጣን። ቤት ስንመለስ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣች። ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው መስሎኝ ነበር፤ የውሾቹ ማሰሪያ የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው።

"አራተኛ ፌርማታ የጨመርክ ቀን ትነግረኛለህ። እንዳትዋሸኝ።"

"ብዋሽስ ተቆጣጣሪው መች ይለቀኛል?" አልኳት።