ርክርክን ማን አስገባው?

የቢቸናዋ ስንዱ ኮምፒውተሯን የምትንከባከበው እንደ አራስ ነው። ሱቋን ስትዘጋ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ ጠዋት ገልጣ አቧራውን በላባ ታራግፍለታለች፤ ከመነሐሪያው ፊት ለፊት ባለችው በዚያች ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ምሳ ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ክልክል ነው። ጎረቤቶቿ ብርድ ቢመታው ድንች ልትቀቅልለት ነው እያሉ ያሟታል። ሐሜቱም ብዙ አልራቀም።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ እርሻ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ቢሆነኝ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ኮረብታ አየና ሳቀ። ኤክስፒ የሚባለው የዚህ ኮምፒውተር ሲስተም ዘመኑ እንዳለፈ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከእንግዲህ አንከታተለውም እንዳሉ፣ ሰዉም “ሰባት” ወደሚባለው አዲሱ ሲስተም እየተዛወረ እንደሆነ ነገራት። ስንዱ ቀና ሳትል፣ ሠሪዎቹ እስከ ዛሬም ቢቸና ድረስ መጥተው ጠይቀውት እንደማያውቁና ባይጠይቁት ቅር እንደማይለው መለሰችለት።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቷል። ስንዱ ታይፕ የተማረችው በጽሕፈት መኪና ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ የድሮው የግዕዝ ፕሮግራም ፊደሎቹን በዚያው በጽሕፈት መኪናው አሰላለፍ ስለ ደረደረላት ጣቶቿ መንገድ አልጠፋቸውም። ደንበኛ እያስተናገደች፣ የሰፈር ወሬ እየሰማች፣ ወሬውን እያረመች ሁሉ ትጽፋለች። አዲሱ ሲስተም ግን ያንን ፕሮግራም እሺ ብሎ እንደማይቀበል ከሰማች ቆይታለች።

ከጣቶቿ በላይ ያሳሰባት የአባቷ መጽሐፍ ነው። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። መምህራቸው ያወረሷቸው አካሄድ አብሯቸው አፈር እንዳይገባ ብለው፣ ከጾመ ድጓ ለጀማሪ የሚሆነውን መርጠው መጽሐፍ ማዘጋጀት ይዘዋል። እሳቸው ይላሉ፣ ስንዱ ትጽፋለች። በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ትታ፣ አትማ ትሰጣቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ የሚናገሩትን ምልክቶች፣ እነ ይዘትን፣ እነ ደረትን፣ እነ ርክርክን፣ በቀጭን ብዕር ከፊደሉ አናት ላይ ያኖራሉ። እነዚህን ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም።

ሥራው ከግማሽ እንዳለፈ የመሪጌታ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይዘት ነጥብ ነው፤ ብዕሩ ትንሽ ሸርተት ካለ ጭረት ይሆናል። ጭረት ደግሞ ሌላ ምልክት ነው፣ ሌላ ዜማ ነው። ተማሪዎቻቸው እኛ እናኑርልዎ ቢሏቸው፣ ተማሪ ራሱ የጻፈውን ራሱ ሊማር ነው ወይ ብለው አባረሯቸው። እልኸኛ ናቸው፤ ስንዱ በማን እንደ ወጣች የሚጠይቅ የለም። የተበላሹትን ገጾች አጥፈው ከምንጣፋቸው ሥር ይከቷቸው ጀመር። ስንዱ ቤት ስትጠርግ ታገኛቸዋለች፤ መልሳ እዚያው ትከታቸዋለች። መጽሐፉ እንዲህ ቆመ።

ሞጣ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው አስናቀው በስልክ ያልጠበቀችውን ነገራት። ከኢንተርኔት አንድ የግዕዝ ፊደል አውርዷል፤ የዜማ ምልክቶቹም አብረው አሉበት። የሚሠራው ግን በአዲሱ እንጂ በእሷ የድሮ ፕሮግራም አይደለም። ስንዱ ለአባቷ ስታወራላቸው ሳቁባት። ሀሌታ የማያውቅ ፈረንጅ ርክርክን ከየት አግኝቶት ነው አሉና ወሬውን ቆረጡት። በማግሥቱ ጠዋት ስንዱ ኮምፒውተሯን ለአስናቀው ልታሳይ ወደ ሞጣ ስትነሣ ግን መሪጌታን ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሞጣ ጊዮርጊስን ከተሳለምኩ ቆየሁ አሏት።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ኮምፒውተሩን ጣሪያ ላይ እንጫነው ሲል፣ መጀመሪያ እኔን ጫነኝ አለችው። በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈረች አንዲት ሴት ከባለ ጥምጥሙ አጠገብ በነጭ የተጠቀለለውን ነገር አይታ፣ ንዋየ ቅድሳት መስሏት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ መቀመጫዋንም ለቀቀች። መሪጌታ ሊናገሩ ሲሉ ስንዱ በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸውና ዕቃውን ወደ ተለቀቀው ወንበር አዛወረችው።

አስናቀው ሱቅ እንደ ደረሱ ስንዱ ከዘንቢሏ የራሷን ኪቦርድ አወጣች። በየቁልፉ ላይ ፊደል ቆርጣ ለጥፋበታለች፣ በለመደችው አሰላለፍ። ይህን ካመጣች አዲሱም ሲስተም እንደ አሮጌው እንደሚታዘዝላት አልተጠራጠረችም። አስናቀው ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘላት። “መ” ያለበትን መታች፤ ስክሪኑ ላይ ሌላ ፊደል ወጣ። ጠበቅ አድርጋ መታችው፤ ያው ነው። ኪቦርዱን ገልብጣ ሆዱን አየችው።

“እትዬ ስንዱ፣ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ አይደለም ያለው” አለ አስናቀው ሳቁን እየዋጠ። “ውስጥ ነው። በአዲሱ አሰላለፉም ሌላ ነው፤ እንደ አዲስ መልመድ አለብሽ።”

የባሰው ከኋላ መጣ። አስናቀው የመጽሐፉን ፋይል ከእሷ ኮምፒውተር በፍላሽ ገልብጦ በራሱ ላይ ከፈተው። ያ ሁሉ ቃለ እግዚአብሔር የፈረንጅ ፊደል ሆኖ፣ ቅንፍና የመቶኛ ምልክት ተቀላቅሎበት፣ ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ተበትኗል። አስናቀው አስረዳት። የድሮው ፕሮግራም ከስር የፈረንጅ ፊደል ይጽፍና ከላይ የግዕዝ ልብስ ያለብሰው ነበር፤ እዚህ ልብሱ ወልቋል። የሚመልስ መቀየሪያ አለ፤ ግን አንዳንዴ ፊደል ይስታል። ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመጀመሪያው መልሶ መጻፍ ይሻላል።

ስንዱ ኮምፒውተሯን መልሳ በነጠላዋ ትጠቀልል ጀመር። የነበረው ይበቃናል፣ አርጅቶም ቢሆን ያውቀናል አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው ጽናት አልነበረውም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀረቡና “ርክርኩን አሳየኝ” አሉ።

አስናቀው ፊደሉን እስከ ቻለ አገዘፈው። ነጩ ገጽ ላይ መጀመሪያ ይዘት ወጣ፣ ደረት ተከተለ፣ ከዚያ ርክርክ። ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት እያሉ ተራ በተራ መጡ። መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት።

ምልክቶቹን በስማቸው ይጠሯቸው ጀመር፤ እንደ ተማሪ ስም። ኋላ መጥራቱ ቀረና ዜማው መጣ። የተጻፈ ቃል የለም፣ ምልክት ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ቃሉን ከራሳቸው እየሰጡ፣ ድምፃቸው ይዘቱ ላይ እየቆመ፣ ርክርኩ ላይ እየተርገበገበ ወረዱት። ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ የቆመች ሴት ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቀረች። አስናቀው ሳያውቀው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል። ስንዱ ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ ከመብራት ውስጥ ሲነበብ ግን ሰምታ አታውቅም።

መሪጌታ ሲጨርሱ ወደ አስናቀው ዞሩ።

“ይህን ማን አስገባው?”

“እኔም ሰዎቹን አላውቃቸውም የኔታ” አለ አስናቀው። “የዓለም ፊደል ሁሉ የሚመዘገብበት ቦታ አለ አሉ። ለእያንዳንዱ ምልክት የራሱን ቁጥር ይሰጡታል። ለርክርክም ሰጥተውታል።”

“እኛ እዚህ ተኝተን፣ ሰው ስለ ርክርክ ተሰብስቦ መክሯል ማለት ነው?”

“መክሯል የኔታ።”

መሪጌታ አማተቡ። ብዙም ሳይቆይ ግን የመምህርነታቸው ነገር ተመለሰባቸውና ምልክቱን ከፊደል ጋር አድርገህ አሳየኝ አሉት። አስናቀው ጻፈ። ምልክቱ ከፊደሉ አናት ላይ መውጣት ሲገባው ጎኑ ተቀመጠ። መሪጌታ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። የመከሩት ሰዎች ማስቀመጫውን ሳይጠይቁ ተነሥተዋል አሉ። አስናቀው ጥቂት ታገለና ከቃሉ በላይ ሌላ ቀጭን መስመር ከፈተ፤ ምልክቶቹን አሳንሶ እዚያ ጻፋቸው፤ በባዶ ቦታ እየገፋ እያንዳንዱን ከፊደሉ ራስ ትይዩ አደረሰው። አድካሚ ነው፤ ግን ይሆናል። ነጥቡም ነጥብ ሆኖ ቆመ፤ አልሸሸም።

አሁን ሁለቱም ወደ ስንዱ ዞሩ። እሷ የነጠላውን ጫፍ እንደ ያዘች ናት።

“እኔ አላዝሽም ልጄ” አሉ መሪጌታ። “ጣቱ ያንቺ ነው። እኔ ጢሜን ካበቀልኩ በኋላ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ስሄድ፣ እዚያ ያለው ደንብ ከሀ ጀምር ነው፤ የቀደመውን አይቆጥሩልህም። ከልጆች ጋር መሬት ተቀምጬ ጀመርኩ። ያፈርኩት የመጀመሪያውን ሳምንት ነው። ከዚያ ዜማው ሲገባኝ ኀፍረቱን ረሳሁት።”

ስንዱ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን አየች። ቢቸና ላይ ደንበኛ ፊት እንደ ጀማሪ ፊደል ስትፈልግ ታያት። ቢሆነኝ ሲስቅባት ታያት። ቀና ስትል ደግሞ አባቷ አሁንም ያንን ርክርክ እያዩ ነው፤ ሕፃን ጨረቃ እንደሚያይ።

ነጠላውን ፈታች። “ቀይርልኝ” አለችው አስናቀውን።

የእሷ ኮምፒውተር አዲሱን እስኪቀበል ድረስ በአስናቀው ኮምፒውተር ልምምድ ተቀመጠች። አባቷ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ቃል አሏት። እሷ በአንድ ጣት ፊደሏን ፈለገች፣ ሳተች፣ አጠፋች፣ እንደገና ፈለገች። ድሮ አንድ ገጽ በምትጨርስበት ጊዜ አንዲት ቃል ወጣች። ወደ ላይኛው መስመር ሄዳ ይዘቱን አኖረች፤ እየገፋች ከፊደሉ ራስ ላይ አደረሰችው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው መረመሩት፤ ያችን አንዲት ቃል በዜማ አሏት። ልክ ነበረች።

ውጭ የቢቸናው አውቶቡስ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱም የከተማ ስም እየጠራ ይለፈልፋል። መሪጌታ ወንበር ስበው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና፣ ለጀማሪ እንደሚሉት ቀስ አድርገው፣ ሁለተኛውን ቃል አሉላት።